ባዶዋ ሶኬት የማን ናት?

የድሮ ኮምፒውተር ክዳን ሲነሣ እኔ መጀመሪያ የማየው ባዶውን ቦታ ነው። ፕሮሰሰሩ የማን ሥራ እንደሆነ፣ ራሙ ስንት ኪሎባይት እንደሆነ በኋላ ይደረስበታል። ከሮም ቺፖቹ ረድፍ ጫፍ ላይ ሁለት መስመር ጥቃቅን ቀዳዳ ያላት ጥቁር ፕላስቲክ አለች፤ ቺፕ አልተሰካባትም። ፋብሪካው ለፕላስቲኳ ከፍሏል፣ ከፕሮሰሰሩ እስከ እሷ ድረስ መስመር ዘርግቷል፣ ከዚያ ምንም ሳያስገባባት ማሽኑን አሽጎ ሸጧል። በሳንቲም ለሚከራከር ፋብሪካ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1980ዎቹ ለንደን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ቴክኒሻን ሆኜ ስሠራ እንጀራዬ ከነዚህ ቀዳዳዎች ጋር የተያያዘ ነበር። መምህራኑ ስለ ፕሮግራሙ ይጨነቃሉ፤ እኔ ፕሮግራሙ የት ይቀመጣል በሚለው እጨነቃለሁ። ያኔ ገብቶኝ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ሐሳብ ቢኖር ይህ ነው፤ የአንድን ማሽን ጠባይ ለማወቅ ባዶ ሶኬቱን እንዴት እንደሚይዝ ማየት ይበቃል። ቀዳዳውንማ ማንም ይሠራዋል። ልዩነቱ ያለው ማሽኑ «እዚያ ማን አለ?» ብሎ በሚጠይቅበት መንገድ ላይ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ራም ውድ ነበር። ፕሮግራም የሚጫነው ባብዛኛው ከካሴት ሲሆን፣ ረዘም ያለው ብዙ ደቂቃ ያስጠብቃል፤ ማሽኑ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። ሮም ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ግን ማብሪያው እንደተጫነ ዝግጁ ነው። ከራሙም እምብዛም አይሻማም። ስለዚህ አንዲት ባዶ የሮም ሶኬት ማለት፣ ለተጠቃሚው የማይጠፋና የማያስጠብቅ ፕሮግራም ማስቀመጫ ማለት ነበር።

አፕል ቱ በ1977 ሲወጣ ስቲቭ ዎዝኒያክ ማዘርቦርዱ ላይ ስድስት የሮም ሶኬት ደርድሮበት ነበር፤ እያንዳንዷ 2 ኪሎባይት ትይዛለች። ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋና ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም አራቱን ያዙ፣ ሁለቱ ክፍት ቀሩ። ለአንደኛዋ አፕል ራሱ «ፕሮግራመርስ ኤይድ» የሚባል ቺፕ አወጣላት፤ የቤዚክን የመስመር ቁጥር የሚያስተካክል፣ ሥዕል የሚሥል፣ ድምፅ የሚያወጣ የትንንሽ ፕሮግራሞች ስብስብ ነው። በ1979 አፕል ቱ ፕላስ ሲመጣ ግን አዲሱ ቤዚክ ከአሮጌው ይሰፋ ስለነበር ከማስነሻው ፕሮግራም ጋር ስድስቱንም ሶኬት ሞላቸው። አከራዩ ራሱ ገባባቸው ማለት ነው።

ኮሞዶር ፔት ላይም ያው ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ። እዚያ ላይ ባዶዎቹ ሶኬቶች የማይለወጥ አድራሻ ነበራቸው፤ 36864፣ 40960፣ 45056። በ1979 የወጣው የፓሎ አልቶ አይሲስ «ቱልኪት» የመጨረሻዋን መረጠ። ቺፑ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በውስጡ ግን ፔት ያልነበረው አሥር ትእዛዝ አለ። መስመሮችን እንደገና የሚቆጥር፣ በፕሮግራም ውስጥ ቃል የሚፈልግ፣ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያሳይ። ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው እፎይታ ነበር። ሆኖም ማሽኑ በራሱ እንግዳውን አያውቀውም። ባበሩት ቁጥር «ሲስ 45056» ብሎ መጻፍ፣ ማለትም ወደዚያ አድራሻ ሂድ ብሎ በእጅ መምራት ያስፈልጋል። ቤዚክ 4 በ1980 ሲመጣ ደግሞ ኮሞዶር 45056ን ለራሱ ወሰደው።

የቀሩት ሁለት ሶኬቶች የጥል ምክንያት ሆኑ። ነጋዴዎቹ ባዶዋን ሶኬት እንደ ቁልፍ መጠቀም ጀምረው ነበር። «ዎርድፕሮ»ን የመሰለ ዋጋው ውድ የሆነ ፕሮግራም ዲስኩ ብቻውን አይሠራም፤ አብሮት የመጣው ቺፕ ሶኬቱ ውስጥ ካልተሰካ እምቢ ይላል። ሁለት ድርጅቶች አንድ አድራሻ ከመረጡ ደግሞ ገዢው ለሁለቱም ከፍሎ አንዱን ብቻ ያሠራል፣ ወይም ሲቀያይር ይውላል። መፍትሔው ሁለት ቺፕ በአንድ ሶኬት ላይ የሚያስቀምጥና በማብሪያ የሚያፈራርቅ ትንሽ ሰሌዳ ነበር። ይህን ሰሌዳ የሠሩት ሰዎች በሌላ ሰው ጉድለት ነው የነገዱት፤ አልፈርድባቸውም።

እንግሊዝ አገር ኬምብሪጅ ውስጥ የነበረው ኤኮርን በ1980 ባወጣው «አቶም» ላይ ያንኑ ጉድለት ራሱ ሠርቶት ነበር። አንዲት ትርፍ ሶኬት፣ አንድ አድራሻ፤ አጋጣሚ ሆኖ እሷም 40960 ነች። የአቶም ባለቤቶችም እንደ ፔት ሰዎች ማብሪያ ሲቀጣጥሉ ከረሙ። ቀጥሎ የመጣውን ማሽን ሳይ ግን ኤኮርን ከዚህ ተምሯል እላለሁ።

እሱም በ1981 መጨረሻ የወጣው ቢቢሲ ማይክሮ ነው። የእንግሊዝ የስርጭት ድርጅት ሕዝቡን ኮምፒውተር ለማስተማር የጀመረው ዘመቻ ማሽን ነበር፤ ትምህርት ቤቶችን ያጥለቀለቃቸው እሱ ነው። ቤዚኩን የጻፈችው ሶፊ ዊልሰን፣ ሃርድዌሩን ከነደፉት ዋናው ስቲቭ ፈርበር። ከኪቦርዱ ሥር በስተቀኝ አምስት የሮም ሶኬት ተሰልፏል። አንዱ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። የቀሩት አራቱ ግን አራት አድራሻ የላቸውም፤ ሁሉም የሚቀመጡት ከ32768 እስከ 49151 ባለው በዚያው በአንድ 16 ኪሎባይት ቦታ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ይታያል። የትኛው እንደሚታይ የሚወስነው አንዲት ቁጥር የምትጻፍባት ትንሽ ማስታወሻ ነች፤ ቁጥሯ ከ0 እስከ 15 ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑ የተነደፈው ለ16 ቺፕ ነው፣ ምንም እንኳ የተሸጠው ባራት ሶኬት ቢሆንም።

አድራሻ ላይ መጣላት በዚህ ቀረ። ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ማሽኑ እንግዳውን የሚለይበት መንገድ ነው። ቺፑ መጀመሪያ ላይ ያሉት ባይቶች ሥርዓት አላቸው፤ ሦስቱ ፕሮግራሙ ወደሚጀምርበት ያመራሉ፣ ቀጣዮቹ ሦስቱ ጥያቄ ወደሚመለስበት፣ ሰባተኛው ዓይነቱን ይናገራል፣ ስምንተኛው የቅጂ መብት ምልክቷ የት እንዳለች ይጠቁማል፣ ከዚያ ስሙ ይከተላል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወደተጠቆመው ቦታ ሄዶ አንድ ዜሮና በቅንፍ ውስጥ ያለችውን ሲ ይፈልጋል። ካገኘ ሶኬቱ ሰው አለበት፤ ካጣ ባዶ ነው፣ ምንም ቺፕ ቢሰካበት። የቅጂ መብት ምልክት የመኖር ማረጋገጫ የሆነበት ሌላ ማሽን አላጋጠመኝም። በሕገወጥ መንገድ የተቀዳ ቺፕም ታዲያ ያችኑ ምልክት ይዞ በኩራት ይመዘገብ ነበር።

ተጠቃሚው ኮከብ አስቀድሞ አንድ ቃል ሲጽፍ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቃሉን ካላወቀው 4 ቁጥርን ይዞ ወደ 15ኛው ቺፕ ይሄዳል፤ «ይህ ያንተ ነው?» ማለቱ ነው። እሱ ካልተቀበለው ወደ 14ኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ 0። የኔ ነው ያለው ቺፕ 4ን ወደ ዜሮ ይለውጣትና ነገሩ እዚያ ያበቃል። «ኮከብ ሄልፕ» ሲባል ደግሞ ቁጥሩ 9 ይሆናል፤ ሁሉም በየተራ ስሙን ስክሪኑ ላይ ያወጣል። አዲስ ቺፕ ከሰካሁ በኋላ መጀመሪያ የምጽፋት ትእዛዝ እሷ ነበረች።

ተራ ካለ ሽኩቻ አለ። ሁለት ቺፖች አንድን ቃል ቢጋሩ የሚያሸንፈው ባለ ትልቅ ቁጥሩ ነው፤ ቢቢሲ ላይ በስተቀኝ ጫፍ ያለችው ሶኬት 15 ነች። ማሽኑ ሲበራም ከቋንቋና ከጽሑፍ ማዘጋጃ ቺፖች መካከል ባለ ትልቅ ቁጥሩ ነው የሚነሣው። ስለዚህ የሒሳብ መምህሩ ቤዚክ፣ የእንግሊዝኛዋ መምህርት የጽሑፍ ማዘጋጃው መጀመሪያ እንዲመጣ ሲፈልጉ፣ ክርክሩ የሚፈታው በኔ ጠመንጃ መፍቻ ነበር። ማን በስተቀኝ ይቀመጥ የሚል የመምህራን ጭቅጭቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ሥራው ራሱ እጅ የሚጠይቅ ነው። ክዳኑን የያዙት ብሎኖች አጠገባቸው «ፊክስ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። እነሱን ፈትቶ፣ ኪቦርዱን አላቅቆ ወደ ጎን ማድረግ፤ ሶኬቶቹ ከሥሩ ናቸው። አዲስ ቺፕ ከፋብሪካ ሲመጣ እግሮቹ ወደ ውጭ ተከፍተው ነው የሚመጣው፣ እንዳለ ሶኬት ውስጥ አይገባም። በጎኑ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ አንዱን ወገን ጠቅላላ በአንድ ላይ ቀስ አድርጎ መጫን፣ ከዚያ ማዞርና ሌላውን ወገን። ሃያ ስምንቱም እግር በየቀዳዳው አፍ ላይ መቀመጡ ሳይታይ በአውራ ጣት ከተጫነ አንዷ እግር ከሆዱ ሥር ትታጠፍና ከላይ ሲያዩት የገባ ይመስላል። ግማሽ ጨረቃ የመሰለችው ጭረትም ከጎረቤቶቹ ጋር በአንድ አቅጣጫ መዋል አለባት፤ ተገልብጦ የተሰካ ቺፕ መብራት ሲያገኝ ይግላል፣ ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም። ማውጣቱ ደግሞ በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ ነው፤ ካንዱ ጫፍ ጥቂት፣ ከሌላው ጫፍ ጥቂት።

ቺፕ በየቀኑ የሚቀያይር ሰው ሶኬቱን ያላላዋል። ለዚህ ብልሃቱ ከኪቦርዱ በስተግራ ነበር። ኤኮርን እዚያ ለንግግር ማሽኑ ቺፖች ብሎ የሚቆረጥ የፕላስቲክ መስኮት ትቶ ነበር፤ ተጠቃሚው ሁሉ «የሲጋራ መተርኮሻ» ይለዋል። ንግግሩ፣ በዜና አንባቢው በኬነት ኬንዳል ድምፅ የተሠራ ቢሆንም፣ ብዙ ገዢ አላገኘም። ሰዉ መስኮቱን ቆርጦ በማንሻ የሚከፈትና የሚዘጋ ሶኬት አስገባበት። ከዚያ ወዲያ ክዳን መክፈት ቀረ፣ ቺፕ እንደ ካሴት መለወጥ ሆነ።

በኪሎባይት ቢሰላ ስስቱ ይገባችኋል። ቢቢሲ ሞዴል ቢ 32 ኪሎባይት ራም አለው። ባለ ብዙ ቀለሙ ሞድ 2 ከዚያ ውስጥ 20ውን ለስክሪኑ ይወስዳል፤ ሲስተሙ የራሱን ከያዘ በኋላ ለፕሮግራም የሚተርፈው 8704 ባይት ነው። ዲስክ ከተገጠመ የዲስኩ ሮም ለሥራው ራም ይቆርሳል፤ ቀሪው 5888 ይሆናል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ 8 ኪሎባይት የሆነው የኮምፒውተር ኮንሴፕትስ የጽሑፍ ማዘጋጃ «ዎርድዋይዝ» ሮም ላይ ባይሆን ኖሮ ለጽሑፉ ምን ሊተርፍ ነው?

የኛ ሰው መቼም አዲስ ዕቃ ሲያይ «አማርኛ ይችላል?» ማለቱ አይቀርም። ለኮሙኒቲያችን በእጁ እየጻፈ፣ በፎቶኮፒ እያባዛ መጽሔት የሚያዘጋጅ አንድ ወዳጄ የተከፈተውን ማሽን አይቶ «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ቀዳዳ እያለው ፊደል አይገባበትም?» አለኝ። የጠየቀኝ ለቀልድ ነበር። ሒሳቡን ስሠራው ግን ቀልድነቱ ቀረ። ቢቢሲ አንዱን ሆሄ በ8 በ8 ነጥብ ይሥለዋል፤ ያ ስምንት ባይት ነው። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231፣ 231 በስምንት ሲባዛ 1848 ባይት። ዲቃሎቹን ትተን ማለት ነው። 8 ኪሎባይት በሚይዝ ኢፕሮም ላይ ፊደሉ ሩቡን እንኳ አይሞላም።

ኢፕሮም ማለት ተጽፎ የሚጠፋ፣ ጠፍቶም የሚጻፍ ሮም ነው፤ በ1971 ኢንቴል ውስጥ ዶቭ ፍሮማን የፈለሰፈው። (ሰውዬው ከዚያ በኋላ ጋና፣ ኩማሲ ሄዶ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ይህን ሳነብ በጣም ነው የወደድኩት።) ጀርባው ላይ ክብ የመስታወት መስኮት አለው። አልትራቫዮሌት መብራት ሥር ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ሲቆይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የአምራቹ ወረቀት ቀጥተኛ ፀሐይ በአንድ ሳምንት ገደማ፣ የክፍል ፍሎረሰንት በሦስት ዓመት ገደማ እንደሚያጠፋው ይናገራል፤ መስኮቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ለጌጥ አይደለም።

ቦታው ተገኘ፣ አሠራሩ ግን አስቸገረ። ማሽኑ እንደገና ሊሣሉ የሚችሉ 224 የሆሄ ቦታዎች ብቻ ነው ያሉት፤ ሁሉንም ብወስድ ሰባት ይጎድለኛል፣ እንግሊዝኛውም ይጠፋል፣ ከራሙም 1536 ባይት ይበላል። መንገዱ አንድ ቦታ ብቻ መጠቀም ነበር፤ 255ኛዋን። ቺፔ የሚፈለገውን ሆሄ ስምንት ባይት ከሮሙ ያነሣል፣ 255ኛዋን በዚያ መልክ ይሥላል፣ ያትማታል። ለሚቀጥለው ሆሄ ያችኑ መልሶ ይሥላል። አንዴ ስክሪን ላይ ያረፈው ነጥብ ስለሆነ ኋላ መልኳ ቢለወጥ አይነካውም። «ኮከብ ፊደል» ስል 4 ቁጥርን ተቀብሎ የሚነሣ፣ «ኮከብ ሄልፕ» ስል ስሙን የሚናገር ቺፕ ሆነ።

ሆሄ በነጥብ መሥራት ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዷ ዓምድ ለክፍተት ስትሄድ ለወርድ የሚቀረው ሰባት ነጥብ ነው። ሀ፣ ለ፣ በ በቀላሉ ተቀመጡ። ጠ ሦስት እግሯን በአንደኛው፣ በአራተኛውና በሰባተኛው ዓምድ ላይ ስትተክል ቦታው አለቀ፤ ጨን ከጠ የሚለያት ምልክት የት ትሂድ? ጮን እስከ መጨረሻው አልወደድኳትም። ሌላው ጣጣ የሶኬቶቹ ነበር። ዎርድዋይዝ የሚሠራው በሞድ 7 ነው፤ በዚያ ሞድ ሆሄውን የሚያወጣው የራሱ ቅርጽ በውስጡ የታተመበት የቴሌቴክስት ቺፕ ስለሆነ ፊደል አይቀበልም። ስለዚህ ዎርድዋይዝ ወጣ። ማተሚያውም የራሱ ሮም ስላለው አማርኛ አያውቅም፤ ስክሪኑን እንደ ሥዕል ወደ ወረቀት የሚገለብጥ ሌላ ቺፕ ያስፈልጋል። ቤዚክ፣ ዲስክ፣ ፊደል፣ መገልበጫ፤ አራቱም ሶኬት ሞሉ። ወዳጄ ርእሶቹን በማሽን፣ ሐተታውን በእጁ እያደረገ ጥቂት እትም አወጣ። የእጅ ጽሑፉ ያምር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከኔ ነጥቦች ይሻላል።

አራት ሶኬት ለሌላውም ሰው አልበቃም። ዋትፎርድ ኤሌክትሮኒክስን የመሳሰሉ መደብሮች ተጨማሪ ሶኬት ያላቸው ሰሌዳዎች ሸጡ። ከዚያ በሶኬቱ ፋንታ ራም የሚያስቀምጡ ሰሌዳዎች መጡ፤ የሮሙን ይዘት ከዲስክ ጭኖ እንደ ቺፕ ማሠራት ተቻለ፣ የጓደኛን ቺፕ ገልብጦ መውሰድም እንዲሁ። አሳታሚዎቹ የመለሱት መልስ ያስቀኛል። ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ራሱ ላይ ለመጻፍ ይሞክራል። እውነተኛ ሮም ከሆነ ምንም አይደርስበትም፤ ራም ላይ የተቀዳ ከሆነ ራሱን ያበላሻል። ተጠቃሚዎቹ ደግሞ ራሙ ላይ መጻፍን የሚከለክል ማብሪያ ገጠሙ። በ1986 ኤኮርን ማስተር 128ን ሲያወጣ ራሙን ራሱ ጨመረበት፤ ቤዚኩን፣ የዲስኩን፣ የጽሑፍ ማዘጋጃውን ሁሉ በአንድ 128 ኪሎባይት ቺፕ አጠቃለለ። የኔም የቺፕ ማስተካከል ሥራ ከዚያ ወዲህ ቀዘቀዘ።

አይቢኤም ፒሲን በአጭሩ ልለፈው፤ ሶኬቱ ላይ የነበረው ጉጉት ያነሰ ነው። የ1981ዱ ማሽን ስድስት የሮም ሶኬት ነበረው፤ አምስቱ በ40 ኪሎባይት ተሞልተዋል፣ ዩ28 የተባለችው ባዶ ነች። ባለ 24 እግር ስለሆነች የተለመደው ባለ 28 እግር የ8 ኪሎባይት ኢፕሮም አይገባባትም፤ የሞቶሮላን 68766 መፈለግ ያሻል። ይባስ ብሎ መጀመሪያ የተሸጡት ማሽኖች ትርፍ ሮም አይፈልጉም ነበር። ጥቅምት 1982 በተጻፈው ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑን በሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ነው ፍለጋው የመጣው፤ በየ2 ኪሎባይቱ እየቆመ 85 እና 170 የሚሉ ሁለት ባይቶችን ያያል፣ ካገኘ በሦስተኛው ባይት ርዝመቱን ያውቃል፣ ሁሉንም ደምሮ ድምሩ በ256 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ያሠራዋል። ከኤኮርን ሲ ይልቅ ይህ ይጠነቅቃል፤ እግሩ የተጣመመ ቺፕ አያልፍም። የ1984ቱ ኤቲ ደግሞ ሁለት ሶኬት ባዶ ትቶ 64 ኪሎባይት ቦታ አዘጋጀላቸው፣ ብዙው ሰው ግን ክዳኑን ከፍቶ አላያቸውም። ፒሲው ላይ ሥራው ወደ ካርዶቹ ሄደ፤ የሃርድ ዲስክ ካርዱ የራሱን ሮም ይዞ መጣ፣ የኔትወርክ ካርዶችም ያለ ዲስክ ለሚነሣ ማሽን ብለው ባዶ ሶኬት ይዘው መጡ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የዳላስ ሴሚኮንዳክተር ሰዓት ነው። ያኔ ብዙ ማሽን ቀኑን አያውቅም። ዳላስ በሶኬቱና በሮሙ መካከል የሚቀመጥ ወፍራም ሶኬት ሠራ፤ በውስጡ ሰዓትና ባትሪ አለ፤ ሮሙ ከላዩ ይሰካል፣ ባዶ ቦታ ጭራሽ አያስፈልግም። አፕል ቱም ፒሲም ላይ ይሠራ ነበር። እንቆቅልሹ የሮም ሶኬት ለማንበብ ብቻ መሠራቱ ነው፤ ሰዓቱን በምን ይሞሉታል? መልሱ በንባቡ ነው። ፕሮሰሰሩ ከሮሙ ሲያነብ ከሚጠራው አድራሻ መስመሮች አንዷ መረጃውን ትሸከማለች፣ ሌላዋ መጻፍ ይሁን ማንበብ ትለያለች። ሰዓቱ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ስልሳ አራት ንባብ በተከታታይ የተወሰነውን ምልክት ከሠሩ ብቻ ሮሙን ለጊዜው ያፍነውና እሱ ይመልሳል፤ እስከ ሰከንድ መቶኛ። ባትሪው ቢያንስ አሥር ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ፕላስቲኩ ውስጥ ተደፍኗል፤ አሁን ብዙዎቹ ሞተዋል። እነዚህን ማሽኖች የሚጠግኑ ሰዎች ጎኑን በትንሽ መጋዝ ፈልጠው፣ የባትሪውን ሁለት ጫፍ አግኝተው፣ ከውጭ አዲስ ክብ ባትሪ ይበይዱለታል።